ሲዝኑ ሲያልቅ እነግረዋለሁ

ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 21 ቀን 2010

ለእህቴ ለውብነሽ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እኔና ባለቤቴ ልዩ ደህና ነን። የእኔ ጉልበት ትንሽ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ደግ ነው። ደብዳቤሽን ወንጌላዊ ለይኩን ባለፈው እሑድ ጋርዴና፣ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አቀበለኝ፤ እንደታሸገ ነው ያመጣው። በሰው እጅ መላክሽ ደግ አደረግሽ። እኛ ቤት ስልክ ሲደወል ስፒከር ላይ ነው የሚደረገው፤ ልዩም ባሮክም ይሰማሉ። ይህ ነገር ደግሞ እንደዚያ የሚወራ አይደለም።

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። መልስ አጥቼ ሳይሆን ሰው በዝቶብኝ ነው።

አዎ፣ ወሬው እውነት ነው። ባሮክ ፈርሟል። ለአምስት ዓመት ሠላሳ ስድስት ሚሊዮን ዶላር። ጋዜጣ ላይ ሳየው ዜሮዎቹን በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኳቸው።

ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቀሽኛል። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ እግር የሚነካት ከስንት አንዴ ነው፤ ኳሷም ክብ ሳትሆን እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። ባሮክ ኳርተርባክ ይባላል። ኳሷ መጀመሪያ የምትገባው እሱ እጅ ነው፤ ለማን እንደምትወረወር የሚወስነውም እሱ ነው። ሌሎቹ የሚሮጡት እሱ ባዘዛቸው መንገድ ነው። የተቃራኒዎቹ ሥራ ደግሞ ሳይወረውር እሱን መጣል ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ አታስቢበት። ስድስት ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው እዚህ የደረሰው።

የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ አሁን የእኛ ሰው ሁሉ ማሊያውን ለብሶ ነው የሚሄደው። እዚህ አገር በማሊያ ጀርባ ላይ የሚጻፈው የአባት ስም ነው፤ ስለዚህ “ወንድይፍራው” የሚል ለብሰው ይሄዳሉ። ሃያ አምስት ዓመት መኪናቸውን ፓርክ ሳደርግላቸው ቁልፉን ወርውረውልኝ የሚያልፉ ሰዎች ዛሬ ወርደው “የባሮክ አባት” እያሉ ይጨብጡኛል። ልዋሽሽ አልችልም፣ ደስ ይላል።

“አሁንስ አይነገረውም ወይ” ላልሽው፣ ልክ ነሽ። ባልሽ ሲሞን እስር ቤት ከሞተብሽ በኋላ ልጅሽን ከዚያ አገር ለማውጣት በስደተኛ ፎርሜ ላይ “ልጄ” ብዬ ሳስገባው፣ ልዩም በአራት ዓመቱ ይዛው ስትመጣ፣ ሲያድግ እንነግረዋለን ተባብለናል። አድጓል፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ግን አሁን ጠበቃውም፣ ኮንትራቱን የሚዋዋልለት ኤጀንቱም በየቀኑ ወረቀቱን የሚያገላብጡበት ጊዜ ነው። የገባበት ወረቀት ውሸት መሆኑ ቢታወቅ ዜግነቱ ላይ ጥያቄ ይነሣል፤ ኮንትራቱም አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ታገሺኝ። ሲዝኑ፣ የጨዋታው ወቅት ማለት ነው፣ በጃንዋሪ ያልቃል። ያን ጊዜ ቁጭ አድርጌ፣ አክስቴ የምትላት እናትህ ናት እለዋለሁ።

ወንድምሽ ወንድይፍራው

*

ሆሳዕና፣ ሰኔ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንድይፍራው፣

ጉልበትህን ማታ ማታ ቅባት እያሸህ ተኛ፤ ልዩ ታሽልህ። እኔ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ የልጆች ፈተና እያረምኩ ነው።

ስለ ሚሊዮኑ አልጠየቅሁህም ነበር፤ አንተ ግን የጻፍክልኝ ስለ እሱ ነው። እዚህ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት የመዘምራን ኃላፊው መጥቶ፣ የወንድምሽ ልጅ ኪቦርድ ይግዛልን አለኝ። አክስት ናት ብለው እንዲህ ካደረጉኝ፣ እናት መሆኔን ቢያውቁ ቤቴን ነቅለው ይወስዱት ነበር።

ለይኩን በስልኩ አንድ ማስታወቂያ አሳየኝ። የለስላሳ መጠጥ ነው። የእናቶች ቀን ነው ተብሎ ባሮክ ልዩን አቅፎ ይስማታል፤ ከዚያ ሁለቱም ከጠርሙሱ ይጠጣሉ። ልዩ አምሮባታል። ለይኩን ደስ አይልም ወይ አለኝ፣ ደስ ይላል አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ እንዴት እንደሆንኩ አልጽፍልህም።

ልዩን አልወቅስም። ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ትኩሳት ሲይዘው አጠገቡ ያደረችው እሷ ናት። እሷ እናትህ አይደለችም እንድትለው አልፈልግም። ሁለት እናት አለህ በለው። ከገንዘቡ አንድ ሳንቲም አልጠይቅም። አንድ ቀን ስልክ አንሥቶ “እማዬ” ይበለኝ፤ ይኸው ነው። የሲሞን ልጅ መሆኑንም ይወቅ፤ አባቱ በእምነቱ ምክንያት ታስሮ እንደሞተ ይወቅ።

ጃንዋሪ ያልከው በእኛ ጥር መሆኑ ነው። ጥርን እጠብቃለሁ።

እህትህ ውብነሽ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2011

ለውብዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጥር ማለፉን አውቃለሁ። ስልክ ስትደውዪ ድምፅሽ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

“ራሱን መትተውታል የሚባለው እውነት ነው ወይ” ላልሽው፣ ትንሽ ነገር ነው። በዲሴምበር አንድ ጨዋታ ላይ ሁለት ተቃራኒዎች በአንድ ጊዜ መጡበትና ወደቀ። ተነሥቶ ግን በእግሩ ነው የወጣው። መንገድ ስቶ ወደ ተቃራኒው ቡድን ወንበር ሄዶ ተቀመጠ፤ ስታዲየሙ በሙሉ ሳቀ። በኋላ በቴሌቪዥን ሲያየው እሱም ስቋል። ሐኪሞቹ አይተውታል፣ በሳምንቱም ተጫውቷል። ከዚህ በላይ የሚነግርሽ ካለ ወሬ አሳማሪ ነው።

አሁን ደግሞ ያልገባኝ ነገር እንደነበረ ልንገርሽ። ያ ሁሉ ገንዘብ ለካ ወረቀት ላይ ነው። በእርግጠኝነት የሚከፈለው የመጀመሪያው ሰባት ሚሊዮን ብቻ ነው፤ የቀረው ቡድኑ እያቆየው በሄደ ቁጥር በየዓመቱ የሚመጣ ነው። ኤጀንቱን “ሶ፣ ቡድኑ አልፈልግም ቢልስ?” ብዬ ብጠይቀው፣ “ዛት ኢዝ ኢት” አለኝ፣ ትከሻውን ነቅንቆ፤ በቃ፣ አለቀ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉም በባንክ ገብቶ የተቀመጠ መስሎኝ ስንት ቦታ አውርቻለሁ።

ስለዚህ የሚመጣው ሲዝን ነው ነገሩን የሚወስነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ የጨዋታ ፊልም እያየ፣ የእያንዳንዱን ሰው እርምጃ በቃሉ እያጠና ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ እናትህ ሌላ ናት፣ አባትህም ሌላ ነበር ብዬ ብነግረው ልቡ ሁለት ቦታ ይከፈላል። “ሲዝኑ ሲያልቅ” ብዬ ደግሜ ስጽፍልሽ አፍራለሁ። ግን እንዲያ ነው። ይህን አንድ ዓመት ስጪኝ።

ወንድምሽ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2012

ለውብነሽ፣

የሰማሽው እውነት ነው፤ አሰናብተውታል። ፀጉሩን እየተስተካከለ ሳለ ስልክ ደወሉለት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ግማሹን ትቶ ቆሞ ቀረ። አሁን ሌላ ቡድን በተጠባባቂነት በትንሽ ደመወዝ ወስዶታል፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አይታወቅም።

“ሰባት ሚሊዮንስ ቢሆን ትንሽ ነው ወይ” ብለሻል። አንቺ ገንዘብ አትጠይቂም፤ ይህን የጠየቅሽው ልጁ ምን ይበላል ብለሽ ስለሰጋሽ መሆኑን አውቃለሁ። ግማሹን ታክስ ወሰደው። ከቀረው ላይ ኤጀንቱ፣ አሠልጣኙ፣ ባልድዊን ሂልስ የገዛው ቤት አለ፤ ቤቱን አሁን ሊሸጥ ነው። እኔም አለሁበት። በቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ገና ባልታየ ገንዘብ፣ በእሱ ስም ለአዳራሽ ማሠሪያ ቃል ገብቼ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ የተባለው ለእኔ ነው። ባሮክ አንድ ቃል ሳይናገር ከፈለው። ያን ቀን “ለምን፣ ዳድ?” ብሎ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ጤናውን ለጠየቅሽው፣ ራሱን ያመዋል። በቀትር መጋረጃ ዘግቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይቀመጣል። ባለፈው እኔ በምሠራበት ፓርኪንግ ራሱ ያቆመውን መኪና አጥቶ አብረን ፈለግነው። ድካም ነው ይላሉ። ሥራ ያጣ ሰው ሐሳብ ይበዛበታል።

ስለዚያኛው ነገር ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ከፍ ሲል እንዳይሰናከል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ወድቋል፤ በወደቀ ሰው ላይ ይህን ልጫንበት ወይ? ትንሽ ይቁምና።

ወንድምሽ

*

ሆሳዕና፣ ጥር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ከዚህ በፊት በቁጣ ጽፌልህ አላውቅም። ታላቄ ነህ፤ ሲሞን ሲሞት አባትም ወንድምም ሆነህልኛል። ልጄንም ያተረፍከው አንተ ነህ፤ ይህን እስክሞት አልክድም። ግን ዛሬ እንዳመጣልኝ እጽፋለሁ።

ሲወጣ ቆዪ አልከኝ። ሲወድቅ ቆዪ አልከኝ። ጨዋታውንም እንዳቆመ ከለይኩን ነው የሰማሁት፤ ሦስተኛ ጊዜ ተመትቶ ተነሥ ሲሉት የት እንዳለ አላወቀም አሉ። አንተ “ደህና ነው፣ አርፏል” ነው ያልከኝ። አሁን የምትጠብቀው የትኛውን ሲዝን ነው?

ያልነገርኩህ ነገር አለ። በኅዳር አዲስ አበባ ሄጄ ቪዛ ጠይቄ ነበር። ለአንተ ያልነገርኩህ እንዳትከለክለኝ ነው። ጡረታ የወጣሁበትን ደብዳቤ፣ የቤቴን ካርታ፣ የባንክ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። በመስኮቱ ያለችው ሴት በትሕትና ነው ያናገረችኝ። ማንን ለማየት ነው የምትሄጂው አለችኝ። የታመመ ሰው አለኝ አልኩ። ምንሽ ነው አለችኝ።

ጋሼ፣ ልጄ ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገረው በመዝገቡ ላይ ያለው እናቱ ልዩ ናት፤ አንተም እሱም ችግር ውስጥ ትገባላችሁ። ዋጥኩትና “የወንድሜ ልጅ ነው” አልኳት። ሌላ የቅርብ ዘመድ የለሽም ወይ፣ ልጆች የሉሽም ወይ አለችኝ። የሉኝም አልኳት። ለአንድ ወንድም ልጅ ብለሽ ሄደሽ መመለስሽን የሚያሳይ አላገኘሁም ብላ ፓስፖርቴን መለሰችልኝ። በእሷ አልፈርድም፤ የነገርኳትን ነው የጻፈችው። ሆሳዕና እስክገባ አውቶቡስ ውስጥ ያሰብኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ ልጅ የለኝም ብዬ በአፌ ተናገርኩ።

አሁን እውነቱን ንገረኝ። ከወረቀቱ ሌላ ምክንያት አለህ?

እህትህ ውብነሽ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2018

ለእህቴ ለውብነሽ፣

ሰላምታ ለማቅረብ ድፍረቱ የለኝም። ያን ደብዳቤሽን አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው የምመልሰው። በስልክ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ስንባባል፣ ምኑን ዘለን እንደምናልፍ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሌላ ምክንያት አለህ ወይ ብለሻል። አለኝ። ወረቀቱን በተመለከተ ጠበቃ ያማከርኩት በ2011 ነው። ልጁ ሲገባ ሕፃን ስለነበር መንገድ አይጠፋለትም፣ የሚጠየቀው ፎርሙን የሞላኸው አንተ ነህ አለኝ። ይህን እያወቅሁ ነው፣ ምክንያቱ ወረቀቱ እንደሆነ እንድታምኚ የተውኩሽ። ልዩም አልወለደችምና መጀመሪያ ላይ እባክህ አትንገረው ብላኛለች። ግን የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ ይሆንብኛል፤ ነፍሷን ይማርና፣ በማርች ከማረፏ አንድ ወር በፊት እጄን ይዛ “ንገረው፣ ውብነሽን በደልናት” ያለችኝ እሷው ናት።

እውነቱ እንዲህ ነው። ስሜ በጀርባው ተጽፎ ሲሮጥ ማየት ጣፈጠኝ። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ቁልፍ የሚወረውርልኝ ሰው ነበርኩ፤ የባሮክ አባት ከተባልኩ ወዲህ ግን በስሜ ተጠራሁ። ከነገርኩት አጎት ልሆን ነው። ለዚያ ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነበር።

በኦገስት ነገርኩት። አሁን የሚኖረው ከእኔ ጋር ሚድ ዊልሻየር በምከራየው አፓርትመንት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፌርፋክስ ምሳ ልንበላ ገብተን፣ ሳህኑ ሳይመጣ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ፣ “ሶ፣ አንቲ ውብነሽ ናት እናቴ?” አለኝ። ናት አልኩት። አስተናጋጇ ሳህኑን ይዛ እስክትመለስ ድረስ ያ ትልቅ ሰው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። “ለምን አልነገርከኝም፣ ዳድ?” አለኝ። ዳድ ማለቱ ደግሞ የባሰ ገደለኝ። እዚያው ሊደውልልሽ ስልኩን አወጣ። እዚያ ሌሊት ነው፣ ነገ ትደውላለህ አልኩት።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ፣ አንቲ ውብነሽ እንዴት ናት፣ ደወለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ደግሜ ነገርኩት። ያው ልቅሶ፣ ያው ለምን። እስከ ዛሬ አምስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አምስቱንም ጊዜ እንደ መርዶ ነው የሰማው። ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። በራሱ ላይ የወረደው ምት ነው አለኝ፤ የዱሮው ነገር ይቆይለታል፣ አዲሱ ግን አይያዝለትም። የዱሮ ጨዋታዎቹን ጠይቂው፣ ለማን እንደወረወረ፣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ አንድ በአንድ ይነግርሻል። ትናንት ምሳ ምን እንደበላ ግን አያውቅም።

ገባሽ አይደል? አንቺ በለመንሽኝ ጊዜ ብነግረው ኖሮ ዛሬ ከዱሮው ጋር ሆኖ ይቀመጥለት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። የወሰድኩብሽ እንዳይመለስ አድርጌ ነው። ይቅርታ ልበልሽ ወይ? ምን ያደርግልሻል? አሁን ራሱ በጽሑፍ ይዞታል፣ ልደውልላት ይላል። ስልክ ሲደውል ምን እንደሚልሽ ጻፊልኝ፤ እኔ ለመስማት አልችልም፣ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ወንድይፍራው

*

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወራት ሆነኝ። ሁለት መልስ ጽፌ ሁለቱንም ቀድጃቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ማለት ቀላል ነው፤ የከበደኝ እኔ ይቅር ማለቴ ነው። እየሞከርኩ ነው። አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል።

ምን ይልሻል ላልከኝ፣ ከጥር ጀምሮ እሑድ እሑድ ይደውላል። ስልኩ ላይ የጻፈው “እናቴ በሕይወት አለች፣ ሆሳዕና” የሚል ብቻ ነው፤ ስም አላስቀመጠም። ሆሳዕና የሚያውቀው ሰው እኔን ብቻ ስለሆነ ለእኔ ይደውላል።

የመጀመሪያው ቀን በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ እናቴ እዚያ ናት ይላሉ፣ ታውቂያታለሽ ወይ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። “እማዬ” አለኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ግን ወዲያው ለምን ሰጠሽኝ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ስለ ሲሞን ነገርኩት፣ ስለዚያ ዘመን ነገርኩት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰ። ከሆሳዕና ሆኜ እንባውን የምጠርግበት እጅ የለኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ደውሎ ያንኑ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ያው ልቅሶ መጣ። ሦስተኛው እሑድም፣ አራተኛውም እንዲሁ ሆነ። ጋሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ስጠብቅ እውል ነበር፤ እሱ ግን እኔ ያቺን ቃል እንዳገኝ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይቆስላል። ልጄን አስለቅሼ የምጠራበትን ስም ምን አደርገዋለሁ?

በአምስተኛው እሑድ፣ “አንቲ፣ እናቴን ታውቂያታለሽ?” አለኝ።

“አውቃታለሁ” አልኩት።

“ደህና ናት?”

“ደህና ናት።”

“ተቆጥታኛለች?”

“አልተቆጣችህም። ትወድሃለች።”

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ኦኬ፣ ሰላም በያት አለኝና ሌላ ወሬ አወራን።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነን። በየእሑዱ ስለ እሷ ይጠይቀኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ። አስተማሪ እንደነበረች፣ ባሏ ሲሞን የሚባል ደፋር ሰው እንደነበረ፣ ልጇን የሰጠችው እንዲተርፍላት ብላ እንደሆነ። እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ሲሰማው አያለቅስም፤ ጎበዝ ናት ይላል።

ስለዚህ አንተም ደግመህ አትንገረው፤ ዳድ ሲልህም አቤት በለው። ይህን የምልህ ስለማርኩህ አይደለም፤ ለእሱ ብዬ ነው። ከክፍሉም አትውጣ፣ አጠገቡ ተቀመጥና ስማ።

ትናንት ምን ትመስላለች አለኝ። ቁርጥ አንተን አልኩት።

እህትህ ውብነሽ